ሳይኮዳይናሚክ፦ ከራሱ ጋር የሚታገል ሰው

በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቪየና ውስጥ በርታ ፓፐንሃይም የምትባል የ21 ዓመት ወጣት አባቷን ስታስታምም ራሷ ታመመች። እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት፤ የአፍ መፍቻዋን ጀርመንኛ ትታ በእንግሊዝኛ ብቻ የምታወራበት ጊዜም መጣ። ሐኪሟ ዮሴፍ ብሮየር ቢመረምራት ለዚህ ሁሉ የሚበቃ የአካል ጉዳት አላገኘም። ውኃ ጠምቷት ብርጭቆውን እስከ ከንፈሯ ካደረሰች በኋላ መልሳ ትገፋው ነበር። ብሮየር እንደጻፈው፣ አንድ ቀን ውሻ ከሰው ብርጭቆ ሲጠጣ አይታ መጸየፏንና ለይሉኝታ ስትል ዝም ማለቷን አስታውሳ ተናገረች። ንዴቷን ከተነፈሰች በኋላ ውኃ አምጡልኝ አለች፤ ጠጣችም።

ብሮየር ይህን ታሪክ ለወዳጁ ለሲግመንድ ፍሮይድ አጫወተው። ሁለቱ በ1895 ስለ ሂስቴሪያ (ያኔ እንዲህ ላለው ሕመም ይሰጥ የነበረ ስም ነው) ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ በርታ «አና ኦ» ተብላ ቀረበች፤ በንግግር የዳነች የመጀመሪያዋ ታካሚ ሆናም ታወቀች። ኋላ የተገኙ የሕክምና መዛግብት ግን ሌላ ይናገራሉ። በ1882 ብሮየር ሕክምናውን ሲያቆም አልዳነችም ነበር፤ የሞርፊን ሱስ ይዟት ስዊዘርላንድ ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገባች። ከዓመታት በኋላ በርትታ ጀርመን ውስጥ የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር መሠረተች፤ ልጃገረዶችን ለሴተኛ አዳሪነት የሚሸጡትንም ታገለች። ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሳይኮዳይናሚክ አስተሳሰብ ከመነሻው ሐሳቡ የሚማርክ፣ ማስረጃው ግን የሚያወዛግብ ነው።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስብዕና እርስ በርስ የሚገፋፉ ኃይሎች የሚደርሱበት ስምምነት ነው። ፍሮይድ በወጣትነቱ በኤርንስት ብሩከ የፊዚዮሎጂ ቤተ ሙከራ ሠርቷል፤ እዚያ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በኃይል ሕግ ይተነተን ነበር። ያንን አስተሳሰብ ወደ አእምሮ አሻገረው። ምኞት ይገፋል፤ ፍርሃትና ኀፍረት ይመልሱታል፤ አብዛኛው ትግል ባለቤቱ ሳያውቀው ይካሄዳል። የትግሉም ልማድ የሚተከለው በልጅነት ነው። ፍሮይድ በ1923 ለተፋላሚዎቹ ስም አወጣላቸው። ኢድ አሁኑኑ ይሁን የሚለው ፍላጎት ነው፤ ሱፐርኢጎ ከወላጅና ከማኅበረሰብ የተወረሰው ወቃሽ ነው፤ ኢጎ ደግሞ በሁለቱና በገሃዱ ዓለም መካከል የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው።

በእኔ እይታ የዚህ አስተሳሰብ ምርጡ ክፍል የመጣው ከአባትየው ሳይሆን ከልጁ ነው። አና ፍሮይድ (ከአና ኦ ጋር አትምታታባችሁ) የሕፃናት መምህርት ነበረች። በ1936 ኢጎ ራሱን ከጭንቀት የሚከላከልባቸውን ስልቶች አሰባስባ በመጽሐፍ አወጣችና ለአባቷ 80ኛ ልደት አበረከተችለት። እነዚህን ስልቶች ለማየት ቪየና መሄድ አያስፈልግም። ስኳር አለብህ የተባለ ሰው «መሣሪያቸው ተበላሽቶ ነው» ብሎ ሻዩን እንደወትሮው አጣፍጦ ይጠጣል፤ ይህ መካድ ነው። በባልደረባው የሚቀና ሰው ራሱ ላይ ያለውን ቅናት ለሌላው አሸክሞ «እገሌ እኮ ይቀናብኛል» ይላል። ሌላው የጠላውን ሰው ከሚገባው በላይ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፤ ጥላቻውን ከራሱም ሳይቀር ለመሸሸግ ነው። አለቃው የተቆጣው ደግሞ ቤቱ ገብቶ ልጁ ላይ ይጮኻል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ።

ይህ ሁሉ በሽታ አይደለም። ማንም ሰው ያለ መከላከያ አይኖርም። የሰው ጠባይ ከሰው የሚለየው በአብዛኛው የትኛውን አዘውትሮ በመያዙ ነው፤ አንዱ ሲጨንቀው ይቀልዳል፣ ሌላው ይክዳል፣ ሦስተኛው ሰው ይወነጅላል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆርጅ ቬይላንት በሃርቫርድ በ1938 የተጀመረውንና ተሳታፊ ወንዶችን እስከ እርጅናቸው የተከታተለውን ጥናት ለብዙ ዓመታት መርቷል። እንደ ቀልድና አስቀድሞ መዘጋጀት ያሉ የበሰሉ ስልቶችን የሚያዘወትሩት ሰዎች በሥራም በትዳርም የተሻለ ኑሮ እንደነበራቸው ጽፏል።

ከፍሮይድ ጋር የተጣሉት ብዙ ናቸው። ባልደረቦቹ የነበሩት አድለር በ1911፣ ዩንግ ብዙም ሳይቆይ ተለዩት፤ የአእምሮ ሐኪሟ ካረን ሆርናይ ስለ ሴቶች የጻፈውን ሞገተች። ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ግን የቦልቢ ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው ቁርኝት ከምኞት ሁሉ ይቀድማል አለ። የሥራ ባልደረባው ሜሪ ኤይንስወርዝ በ1954 ባሏን ተከትላ ኡጋንዳ ሄዳ፣ ካምፓላ ዙሪያ 26 ቤተሰቦች ቤት እየተመላለሰች እናቶችና ሕፃናትን በዓይኗ አጠናች። ፍሮይድ የአዋቂ ታካሚን ትዝታ ሰምቶ ስለ ልጅነት ሲገምት፣ እርሷ ልጆቹ ፊት ተቀምጣ ጻፈች። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ፈላስፋው ካርል ፖፐር የሰነዘረው ወቀሳ ዛሬም አልተመለሰም፤ አንድ ሰው ቢቆጣም ባይቆጣም ትክክል ነኝ የሚል ትምህርት በምን ይፈተናል? ወንድ ልጅ እናቱን ተመኝቶ አባቱን ይቀናቀናል የሚለው የፍሮይድ የኤዲፐስ ሐሳብና የሕልም ፍቺው በዚህ ወቀሳ ክፉኛ ተጎድተዋል። የመከላከያ ስልቶቹና የቁርኝት ጥናቱ ግን ለፈተና ቀርበው በብዙው ጸንተዋል። ስለዚህ ይህን ዘርፍ መቅመስ የሚፈልግ አንባቢ ከፍሮይድ የሕልም መጽሐፍ ባይጀምር ይሻለዋል፤ በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን የአናን መጽሐፍ ያስቀድም።