ከዛፍ በገመድ ለመውረድ የትኛው መውረጃ ይሻላል?

ልጆቻችን ዛፍ ለመውጣት አስተማሪ አይፈልጉም። ሁመሩም ሾላውም በፍሬው ጊዜ ልጅ በልጅ ነው፤ ጎንጎሌስ ሲደርስ ደግሞ ተበልዲው ሥር ሠፈሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። የሚወጣ ልጅ የሚይዘውን ቅርንጫፍ በዐይኑ እያየ ይወጣል፤ የሚወርድ ልጅ ግን የሚረግጠውን አያይም፣ ክንዱም ደክሟል። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እግሩ የተሰበረ ልጅ ይዞ ይህን መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም።

በገመድ ዛፍ መውጣት በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል። በ1983 እ.ኤ.አ. ፒተር ጄንኪንስ የተባለ የዛፍ ባለሙያ በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ፣ ለዚሁ የሚሆን ማኅበር አቋቁሞ ሰዎችን ማስተማር ጀመረ። እኛም በሚቀጥለው ዓመት ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ልንጀምረው አስበናል። ይህን የሰሙ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን «ምን እንላክላችሁ?» ብለው ጠይቀውናል። በመታጠቂያውና በራስ መከላከያው ቆብ ብዙ አንከራከርም። ያከራከረን መውረጃው፣ ማለትም ገመዱ የሚያልፍበት፣ የወራጁን ፍጥነት የሚይዘው ትንሽ ብረት ነው።

የዚህ ብረት ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከጉድጓድ ከባድ ነገር የሚያወርድ ሰው ገመዱን በእንጨት ላይ አንድ ጊዜ ይጠመጥመዋል፤ ሸክሙን የሚይዝለት ሰበቃው ነው። የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን፣ አንድ ሙሉ ዙር 60 ኪሎውን ሸክም ለእጃችን ወደ 9 ኪሎ ያቀልለዋል። ሁለት ዙር ከሆነ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ያደርገዋል። መውረጃ ማለት ይህን ጥምጥም በመታጠቂያው ላይ ይዞ መውረድ ነው።

ሰበቃ ግን ሙቀት ይወልዳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ12 ሜትር ሲወርድ 7000 ጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ሁሉ 100 ግራም በሚመዝን አሉሚኒየም ውስጥ ቢቀር ብረቱን ወደ 80 ዲግሪ ገደማ በጨመረው ነበር። ደግነቱ ገመዱና አየሩ ይካፈሉታል። ቢሆንም በሚያዝያ ፀሐይ ሲሰጣ የዋለ ብረት ገና ሳይነካ የጋለ ነው፤ ስለዚህ መውረጃዎቹ በጥላ ይቀመጣሉ፣ አወራረዱም ቀስ ያለ ይሆናል። ለጭነት መኪና የሚሸጠው የፕላስቲክ ገመድ 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የሚላክልን ገመድ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ «ኢኤን 1891 ዓይነት ኤ» የሚል ምልክት የታተመበት ይሁን።

ከመውረጃዎቹ ርካሹ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ነው። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አቧራችን አያበላሸውም፤ ሙቀትንም በደህና ይበትናል። ገመዱን ግን ያጠማዝዛል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እጅ ከለቀቀው እሱም ይለቃል። ኤቲሲ የሚባለውና የሚመስሉት ትንንሽ መውረጃዎች ገመድ አያጠማዝዙም፣ ነገር ግን ቶሎ ይግላሉ፤ እነሱም በእጅ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ንብ የነደፈው ወይም ዐይኑ ውስጥ ቅጠል የገባበት ልጅ በመጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? እጁን ወደ ፊቱ ያነሣል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቋጠሮ ነው፤ ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ገመድ በዋናው ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ከመታጠቂያው ጋር ይያያዛል። እጅ ሲለቀው ይጠብቅና ይይዛል። ሁለተኛው ከታች የቆመ ሰው የገመዱን ጫፍ ይዞ መጠበቁ ነው፤ ጫፉን ወደ ታች ሲስበው ወራጁ ካለበት ይቆማል። ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ንቁ ሰው ብቻ ይፈልጋል።

ሌላው ዓይነት እጀታ ያለው ነው። የፈረንሳዩ ፔዝል በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግሪግሪ የዚህ ዓይነት ነው። በውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ብረት ገመዱ ሲወጠር ይቆልፈዋል፤ ለመውረድ እጀታው ቀስ ብሎ ይሳባል። ግን የደነገጠ ሰው የያዘውን ከመልቀቅ ይልቅ አጥብቆ ይስባል፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ከተሳበ ደግሞ ገመዱ በፍጥነት ያልፋል። ስለዚህ ከመጠን በላይ ሲሳብ መልሶ የሚቆልፈው ግሪግሪ ፕላስ ለጀማሪ ይሻላል። ገመዱ በተቃራኒ ከገባ አይቆልፍም፤ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ከመሬት አንድ ሜትር ላይ አንጠልጥሎ ሳይፈትን ማንም ወደ ላይ አይወጣም።

እኛ ግን ለጀማሪዎች መውረጃውን ለልጁ ጭራሽ ላለመስጠት ወስነናል። ይህን ያሰብነው የደብረ ዳሞን ልማድ በማስታወስ ነው። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተረድተው ወደ ተራራው ወጡ ይባላል፤ ለሌላው ሰው ግን መንገዱ በ15 ሜትሩ ገደል ላይ የተንጠለጠለው ጠፍር ነው። እንግዳ ሲወጣ ሁለተኛ ጠፍር በወገቡ ይታሰርና ከላይ ያሉት መነኮሳት ይይዙታል። እንግዳው እጁ ቢዝል የያዘው ሌላ ሰው አለ።

በዛፍ ላይ ይህንኑ ከታች ማድረግ ይቻላል። ገመዱ በቅርንጫፍ ላይ ያልፋል፤ አንዱ ጫፍ በልጁ መታጠቂያ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ወገን ደግሞ በግንዱ ሥር በታሰረ እጀታ ባለው መውረጃ ውስጥ ያልፋል። መምህሩ ልጁ ሲወጣ ገመዱን ይሰበስባል፣ ሲወርድ ይለቅለታል። ከላይ የፈራ ልጅም ሰው ወደሱ መውጣት ሳያስፈልግ ይወርዳል። ዋጋው ቅርንጫፉ ላይ ነው፤ ሁለቱም የገመድ ወገኖች ስለሚስቡት 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እስከ 100 ኪሎ የሚደርስ ሸክም ያሳርፍበታል። ሕያው የሆነ፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልቀጠነ ቅርንጫፍ ይመረጣል፤ ገመዱም ከግንዱ አጠገብ ይዋላል። ከዛፎቻችን ለዚህ ያሰብነው ሁመርን ነው።

እንግዲህ ለላኪዎቻችን፦ ሁለት ግሪግሪ ፕላስ፣ ለትልልቆቹ ተማሪዎች አራት ባለ ስምንት ቅርጽ መውረጃ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀጭን ገመድ 20 ሜትር፣ ዋናው ገመድ 50 ሜትር። ያገለገለ ገመድ አንቀበልም፤ ያገለገለ ባለ ስምንት ግን ጫፉ ካልተበላ እንወስዳለን።