የባዶው ጀሪካን አገልግሎት በድርቅ ወቅትና በሰፈራ ጣቢያ

በድርቅ በተጠቃ አካባቢ ስለ ውኃ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነሳው የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የፓምፑ ጉልበትና የቦቴ መኪናው ምልልስ ነው። ውኃው ከቧንቧው አፍ እስከ ቤተሰቡ ጎጆ ድረስ በምን ተይዞ እንደሚደርስ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ መያዣ የሌለው ቤተሰብ ውኃው በደጁ ቢያልፍም ተጠምቶ ያድራል። በመሆኑም የምግብ ዘይት መጥቶበት ባዶውን የቀረው የፕላስቲክ ጀሪካን እንደ ውዳቂ የሚጣል ሳይሆን የእርዳታው አንድ ክፍል ሆኖ ሊቆጠር የሚገባው ንብረት ነው።

በገጠር ለዘመናት ውኃ ሲቀዳ የኖረው በእንስራ ነው። እንስራ ውኃን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ባዶውን ሳይቀር ይከብዳል፤ ሲወድቅም ይሰበራል። ከቀዬው ተነስቶ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ይዞት ሊሄድ አይችልም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል እንዲሰፍር በተደረገ ጊዜ፣ አዲስ ጎጆ ከባዶ ማቋቋም ምን ያህል የቤት ዕቃ እንደሚጠይቅ ታይቷል።

ለአንድ ቤተሰብ ስንት ያስፈልጋል?

በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በዝቅተኛ ደረጃ የሚታሰበው ውኃ በቀን 15 ሊትር ነው። አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ 75 ሊትር ይደርሳል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ያህል መሆኑ ነው። 10,000 ሊትር የያዘ ቦቴ በዚህ ስሌት ለ133 ቤተሰብ የአንድ ቀን ፍጆታ ይሸፍናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ያለው አንድ ጀሪካን ብቻ ከሆነ፣ በአንድ ዙር የሚቀዳው 2,660 ሊትር ነው። ማጠራቀሚያ ታንከር በሌለበት ቀበሌ ቀሪው ውኃ በቦቴው ውስጥ ይቆያል፤ ሾፌሩም ሰው ቤቱ ደርሶ እስኪመለስ ለመጠበቅ ይገደዳል፤ ሌላው ቀበሌም በዚያው መጠን ይዘገይበታል። ስለዚህ የመያዣ ቆጠራ ቦቴው ከመላኩ በፊት መደረግ ያለበት ሥራ ነው።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሊትሩን መለየት ይገባል።

የማይነካው ጀሪካን

ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን በምንም ዓይነት አስተጣጠብ ለውኃም ሆነ ለእህል አይሆንም። መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር፣ ሽታው ቢጠፋም አደጋው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ዕቃ ለማንም ሳይሰጥ፣ ሳይሸጥም ተበስቶ ከጥቅም ውጭ እንዲሆንና በግብርና ባለሙያ ቁጥጥር እንዲወገድ መደረግ አለበት። ላምባ ወይም ናፍጣ የነበረበትም ለመጠጥ አያገለግልም። የቀድሞ ይዘቱ ያልታወቀ ጀሪካን እንደ መርዝ ዕቃ ይቆጠራል።

አስተጣጠብና አያያዝ

የዘይት ጀሪካን በሞቀ ውኃና በሳሙና ተደጋግሞ ይታጠባል። የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ስለሚያጣምመው አይመከርም። አፉ ጠባብ በመሆኑ እጅ ስለማይገባ፣ ንጹሕ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ከሳሙናና ከጥቂት ውኃ ጋር ተጨምሮ በኃይል ቢናጥ ከውስጥ የተጋገረውን እድፍ ያስለቅቃል። ከዚያም በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ይህ የአፍ ጥበት ግን ለውኃው ጥበቃ ነው፤ ኩባያና እጅ ስለማይጠልቁበት ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳው ውኃ በቤት ውስጥ እንዳይበከል ይረዳል። ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን ይህን ጥቅም ግማሽ በግማሽ ያጣል።

ውኃው አጠራጣሪ ሲሆን ይፈላል፤ ወይም በክሎሪን ይታከማል። ኃይሉ 5 ከመቶ መሆኑ የተጻፈበትና ሽቶ ያልተቀላቀለበት በረኪና ከሆነ፣ ለ20 ሊትር ጥሩ ውኃ 40 ጠብታ ተጨምሮ፣ ተነቅንቆ፣ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ኃይሉ ባልተጻፈበት በረኪና መጠቀም አይገባም፤ ለውኃ ማከሚያ ተብሎ የተዘጋጀው መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ይወሰዳል።

ሌሎች አገልግሎቶች

ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ከጎኑ በምስማር ተበስቶና በእንጨት ተወትፎ በመጸዳጃ ቤት አጠገብ ቢሰቀል የእጅ መታጠቢያ ይሆናል፤ አጠገቡም ሳሙና ወይም አመድ ይቀመጣል። ያልተሰነጠቀና በሚገባ የደረቀ ጀሪካን ለዘር ማስቀመጫ ይጠቅማል፤ ዘሩ በፀሐይ ደርቆ፣ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ከተጠበቀ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። የተሰነጠቀው ደግሞ ተቆርጦ ችግኝ ማፍያ ወይም የእህል መስፈሪያ ይሆናል።

እንግዲህ በየማከፋፈያ ጣቢያው ያሉ ኃላፊዎች ባዶ ጀሪካኖችን እንደ እህሉና እንደ ዘይቱ በመዝገብ ይዘው፣ የመርዙን ከምግቡ ለይተው፣ ለሌለው ቤተሰብ አስቀድመው ቢያድሉ፣ በብዙ ድካም የመጣው ውኃ መሬት ሳይፈስና ሳይበከል ከተጠማው ሰው ዘንድ ይደርሳል።