ሥዕል ማስተርስ ያስፈልገዋል ወይ?

«ሥዕል ተሰጥኦ ነው፤ ማስተርስ ምን ያደርግለታል?» የሚለውን ጥያቄ አዳማ ውስጥ ከተማሩ ሰዎች አንደበት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ብሩሽ ይዤ አላውቅም። ይሁንና ማስረጃ ሳያዩ መፍረድ በሙያዬ ነውር ነውና ነገሩን እንመርምረው።

የሕግ ማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በፈታኞች ፊት ይከራከርበታል። በሥነ ጥበብ ግን ዋናው መመረቂያ ሥራው ራሱ ነው። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በስቱዲዮ ይሠራል፤ መምህራንና ጓደኞቹ ሥራውን ፊት ለፊት ይተቹታል፤ በመጨረሻም ኤግዚቢሽን ያሳያል፣ ሐሳቡንም በጽሑፍ ያብራራል። በአሜሪካ ኮሌጅ አርት አሶሲየሽን የተባለው የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን ዲግሪ በዘርፉ የመጨረሻው ዲግሪ አድርጎ አጽድቆታል። ስለዚህ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከሠዓሊ ዶክትሬት የግድ አይጠበቅም።

የእኛም ታሪክ ይኸው ነው። አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ለከፍተኛ ትምህርት ግን ባሕር መሻገር የግድ ነበር፤ ታደሰ መስፍን ወደ ሌኒንግራድ፣ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። ታደሰ ተመልሰው በትምህርት ቤቱ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል፤ ማስተርስም ያስተምራል።

ታዲያ ይህ ለአዳማ፣ ለሞጆና ለሻሸመኔ ምናቸው ነው? የአዳማው ዩኒቨርሲቲ በስሙም በተልዕኮውም የሳይንስና የቴክኖሎጂ ነው። በአንጻሩ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት ይዞ መጥቷል። ልጆቻችንን ማን ያስተምር? መምህራኑንስ ማን ያሠልጥን? የአካባቢያችን ሠዓሊ ሥራውን ትቶ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተምሮ ሲመለስ «ምን ጥናት ሠራህ?» ተብሎ በሌላ ሙያ ሚዛን ከተመዘነ፣ ቀጣዩ ምን ብሎ ይሄዳል?

ዳኛ ማስረጃን እንደ ዓይነቱ ይመዝናል። ቀጣሪዎችም ሠዓሊውን የጥናት ወረቀት ብቻ ከሚጠይቁት ሥራዎቹን፣ የኤግዚቢሽኑን ካታሎግና የጻፈውን ማብራሪያ ይዞ እንዲቀርብ ያድርጉ፤ በቅጥር ኮሚቴው ውስጥም ቢያንስ አንድ ሠዓሊ ያስቀምጡ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።