ማጭድን በቤት የመሳል ዘዴ

መግቢያ

ጤፍ አሁንም በአብዛኛው በማጭድ ይታጨዳል። ማጭዱ ሲደንዝ አጫጁ መቁረጡን ትቶ መጎተት ይጀምራል። የተጎተተ ጤፍ ከነሥሩ ይነቀላል። ከሥሩ ጋር የመጣው አፈርና ጠጠር አውድማ ላይ ከፍሬው ጋር ይደባለቃል። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ በኋላ ለይቶ ማውጣቱ አድካሚ ነው። በደረቀ ስንዴ ላይ ደግሞ ጉተታው ዛላውን እየነቀነቀ ፍሬውን ያረግፋል። ስለዚህ ማጭድ መሳልን የምርት ጥበቃ አንዱ ክፍል አድርገን እንመለከተዋለን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

የእንጨት እጀታ ያለው ጠፍጣፋ ሞረድ፣ የመሳያ ድንጋይ፣ ውኃ፣ ጨርቅና ጥቂት ዘይት።

አሠራር

1. ማጭዱ ከጭቃና ከዝገት ይጸዳ። ከዚያም እንዳይንቀሳቀስ በሞርሳ ወይም በግንድ ላይ በደንብ ይታሰር። በጉልበት መካከል ይዞ መሞረድ አደገኛ ነው።

2. ሞረዱ ከስለቱ ጋር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያጋድል። ለመለካት የወረቀት ማዕዘን አንድ ጊዜ ቢታጠፍ 45፣ ዳግመኛ ቢታጠፍ 22.5 ዲግሪ ይሰጣል።

3. ሞረዱ ከእጀታው በኩል ወደ ጫፉ ይገፋ። ሲገፋ ይጫናል፤ ሲመለስ ይነሣል።

4. በሌላው ፊት ሸካራ ጠርዝ ሲወጣ መሞረዱ ይቁም። ጠርዙ በረጠበ ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይወገድ።

5. ስለቱ በጣት አይፈተን። ላላ ተደርጎ የተያዘ ገለባ ሳይታጠፍ ከተቆረጠ ሥራው ተጠናቋል።

ጥርስ ያለው ማጭድ

ጥርሱ የተቀረጸበት ፊት አይነካ፤ የሚሳለው ለስላሳው ፊት ብቻ ነው። ጥርሱ ፈጽሞ ካለቀ ለብረት ቀጥቃጭ ባለሙያ ይሰጥ።

ጥንቃቄ

በኤሌክትሪክ በሚዞር ድንጋይ የሚስል ሰው ማጭዱን በየጊዜው ውኃ ውስጥ ይንከር። ስለቱ ከሙቀት የተነሣ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ የብረቱ ጥንካሬ ስለሚቀንስ ቶሎ ቶሎ ይደንዛል።

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ትምህርቱ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት በተግባር ቢሰጥ እንመርጣለን። ማኅበራት ሞረድና ድንጋይ በጋራ ገዝተው ለአባላት በተራ ማዋስ ይችላሉ። በደቦ አጨዳ ቀን አንድ ሰው ለመሳል ብቻ ቢመደብና ማጭዶቹ ጠዋትና ከምሳ በኋላ በድንጋይ ቢዳሰሱ ሥራው ይፋጠናል። አጨዳው ሲያልቅ ማጭዱ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶና በጨርቅ ተጠቅልሎ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይሰቀል።