እውነት ወይስ ተረት? የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በፓስት ፓርቲሲፕል አይጀመርም

«የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ በባለቤት ይጀምራል፤ በፓስት ፓርቲሲፕል መክፈት ስሕተት ነው» የሚለውን ብዙ ተማሪ ከክፍል ይዞት ይወጣል። ተረት ነው። «ሲን ፍሮም አቦቭ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ሉክስ ላይክ ኤ ክሮስ» «ሲን» በሚለው ፓስት ፓርቲሲፕል ቢጀምርም እንከን የማይወጣለት እንግሊዝኛ ነው፤ ከላይ ሲታይ ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ይመስላል ማለት ነው።

ይኸው ምሳሌ ሌላም ተረት ያፈርሳል። «ፓስት» የሚለው ስያሜ አሳስቷቸው በፓስት ፓርቲሲፕል የሚጀምር ሐረግ ያለፈ ነገር ብቻ የሚናገር የሚመስላቸው አሉ። ጊዜውን የሚወስነው ግን ዋናው ግሥ ነው። «ሉክስ» የአሁን ጊዜ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም መስቀል ይመስላል። ፓርቲሲፕሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ባለቤቱ ተደራጊ መሆኑን ብቻ ነው።

እውነተኛው አደጋ ያለው ከነጠላ ሰረዙ ማዶ ነው። «ካርቭድ ፍሮም ኤ ሲንግል ሮክ፣ ቪዚተርስ አድማየር ዘ ቸርች» ብለው ቢጽፉ፣ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉት ጎብኚዎቹ ሆነው ቁጭ ይላሉ! በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊልያም ስትራንክ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው «ዚ ኤለመንትስ ኦቭ ስታይል» ላይ ይህን ከልክሏል፤ በመክፈቻ የሚመጣ የፓርቲሲፕል ሐረግ የሚገልጸው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት መሆን አለበት።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚሰናከለው በስንፍና አይመስለኝም፤ የገዛ ሰዋስውን አምኖ ነው። የእኛ ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን በራሱ ላይ ይዞ ይመጣል፤ «ተፈልፍሎ» ሲል እሱ፣ «ተፈልፍላ» ሲል እሷ፣ «ተፈልፍለው» ሲል እነሱ። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ብንል መንገዱ ዘነበ ብሎ የሚረዳ የለም። «ካርቭድ» ግን ጾታም ቁጥርም አያሳይም። ባለቤቱን የሚያገኘው ከዋናው ዓረፍተ ነገር ነው።

«ሃቪንግ ቢን» ከፊቱ ቢጨመር ይስተካከላል የሚሉም አሉ። አይስተካከልም፤ ጎብኚዎቹ እንደተፈለፈሉ ይቀራሉ። የሚለወጠው ባለቤቱ ነው፦ «ካርቭድ ፍሮም ኤ ሲንግል ሮክ፣ ዘ ቸርች አትራክትስ ሜኒ ቪዚተርስ»።

ከዚህ ሕግ ካመለጡት ቃላት አንዱ «ጊቭን» ነው። «ጊቭን ዘ ሬይን፣ ዊ ስቴይድ ሆም» ሲባል እኛ ለማንም አልተሰጠንም፤ ዝናቡን አይተን ቤት ዋልን ማለት ነው። መዛግብተ ቃላቱም «ጊቭን»ን መስተዋድድ ብለው መዝግበውታል።