ሁለት ታላላቅ ስሞች አንድ ታላቅ ፊልም አይወልዱም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል አባባላችን። ለትርፍ የቆመው የፊልም ንግድ ግን ስምን እንደማንኛውም ሸቀጥ ደጋግሞ ይቸረችራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ለዕይታ የበቃው «ኤስኬፕ ፕላን» የተሰኘው ፊልም ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው።

ሲልቬስተር ስታሎን በ«ራምቦ»፣ አርኖልድ ሽዋርዝኔገር በ«ኮማንዶ» ስመ ጥር መሆናቸውን የአገራችን የቪዲዮ ቤት ደንበኛ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ በመሪ ተዋናይነት ሲጣመሩ አንደኛው የ67፣ ሌላው የ66 ዓመት አዛውንት ነበሩ። እርጅናቸውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ፊልሙ በዝናቸው ተከልሎ የራሱን ጥያቄ መሸሹን ነው።

ስታሎን የወህኒ ቤቶችን ጥበቃ እያመለጠ የሚፈትሽ ባለሙያ ነው። በጥቅም የተገዛ ባልደረባው ከድቶት «መቃብር» በሚሉት፣ መርከብ ውስጥ በተሠራ ስውር ወህኒ ይጣላል፤ ሽዋርዝኔገርንም እዚያ ያገኘዋል። ወህኒው ሰዎች ያለ ፍርድ የሚታጎሩበት የግል ንግድ ነው። ሰው በሰው እስራት እንዴት ያተርፋል? ይህ ታላቅ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይመለስ በተኩስ ጩኸት ተውጧል።

እውነተኛ ሕይወት ያየነው ሽዋርዝኔገር በቅጣት ክፍል ተዘግቶበት በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጀርመንኛ ሲጮህ ብቻ ነው። ቤቱ በአገውኛ፣ ቢሮ በአማርኛ የሚናገር የአዘና ሰው የዚያችን ቅጽበት ኃይል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ፊልሙ በአሜሪካ ያስገባው 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ግን ወደ 137 ሚሊዮን ደርሷል። ያረጀው ስም በዋናነት የተሸጠው ለውጭው ተመልካች ነው ማለት ነው። በ2018 እና በ2019 ተከታዮቹ ሲወጡም ሽዋርዝኔገር አልነበረባቸውም።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል አረጋዊው ፈረሰኛ የሚከበረው የወጣትነት ጉልበቱን ስላስመሰለ ሳይሆን ልጓም አያያዝን ለልጁ ስላወረሰ ነው። እነዚህ ሁለት አንጋፋዎች ግን የሚያወርሱት ቁም ነገር አልተሰጣቸውም።

የማኅበር አባላትና ሠራተኞች ከድካም በኋላ የምትተርፈን ምሽት ውድ ናት። እንግዲህ ፊልም ስንመርጥ «ማን ይሠራበታል?» ከማለታችን በፊት «ምን ይነግረናል?» ብለን እንጠይቅ።