አይሲዋ ተቃጥላለች ከማለታችሁ በፊት

ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ የፎገራ ሜዳ በውኃ ይዋጣል፤ ለሩዙ ሲሳይ፣ ዳር ላይ ላለ ቤት ግን ስጋት ነው። ስለዚህ እዚያው ወረታ ከተማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ መነካካት ለጀመረ ሰው የውኃ ማስጠንቀቂያ ደወል ጥሩ መለማመጃ ይሆናል። ሁለት ሽቦ፣ አንድ ትንሽ ደወል፣ መሀል ላይ ባለ 8 እግሯ ኤልኤም393 አይሲ። ፒን 3 ላይ ያለውን ቮልት ፒን 2 ላይ ካለው ጋር ታወዳድርና ውጤቱን በፒን 1 ትናገራለች። በቃ!

ችግሩ የሚመጣው ስንለካት ነው። ፒን 3 ሲበልጥ ፒን 1 ላይ 5 ቮልት እንጠብቃለን፤ ቴስተሩ 0 ይላል። «ተቃጥላለች» ተብሎ ሌላ ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ይኬዳል፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። አዲሷም 0!

ነገሩ ወዲህ ነው። ፒን 1 ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ወደ ግራውንድ ብቻ ነው የሚያገናኘው። ገመድ ይጎትታል እንጂ አይገፋም አይደል? ሲለቅ ፒኑ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ዲጂታል ቴስተሩ ራሱ በ10 ሜጋ ኦም ገደማ ውስጣዊ ሬዚስተሩ ወደ ግራውንድ ይስበዋል። ያያችሁት 0 የቴስተሩ ሥራ ነው ማለት ነው።

ከፒን 1 ወደ ፒን 8 (የ5 ቮልቱ መግቢያ) አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡና ድገሙት። ወደ 5 ቮልት ከወጣ፣ ፒን 2 ሲበልጥም ወደ 0 ከወረደ፣ አይሲዋ ደህና ናት። ካልወጣ ደወሉን ነቅላችሁ ለኩ፤ ጎታቹ እሱ ሊሆን ይችላል። የቴስተሩን ጥቁር ዘንግ ደግሞ የአይሲዋ ግራውንድ በሆነው ፒን 4 ራሱ ላይ አሳርፉት፤ እርጥበት የበላው ብየዳ ሩቅ ያለ ግራውንድን ውሸታም ያደርገዋል።

አንዳንዴ ቴስተሩ 2.5 አካባቢ ይዋልላል። ይህ ግማሽ ብልሽት አይደለም፤ ውኃው ሽቦውን እየነካ እየተወ ፒኑ በፍጥነት ሲገለባበጥ ቴስተሩ አማካዩን እያሳየ ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ፒን 1 እምቢ ካለም አይሲዋን ለመጣል አትቸኩሉ፦ ፒን 5፣ 6 እና 7 ላይ ሌላ ሙሉ ማወዳደሪያ አለላችሁ።